ኦስበርት ዊግሞር በሁለተኛው አግዳሚ ላይ የፈጸመው ገድል

የኔዘር ሞልቢ ቤተ ክርስቲያን የእርሳስ የጣሪያ ክዳን በሌቦች በተገፈፈ በስድስተኛው ዓመት፣ ቄስ ፊሊፓ በተሾመች በሁለተኛው፣ ኃያሉ ኦስበርት ዊግሞር፣ ሥዩመ አግዳሚ፣ መዋዔ ብርድ፣ ከማሞቂያው ቧንቧ አጠገብ በሁለተኛው ረድፍ መቀመጥ በጀመረ በአርባ አንደኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር በሦስተኛው ሰንበት የሆነውን እነሆ እንጽፋለን። ያላየነውን አንጨምርም፤ ያየነውን ግን ትንሽ ማሳመራችን አይቀርም።

ወእምዝ ኦስበርት ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ተኩል ጫማውን ወልውሎ፣ ጃንጥላውን እንደ ጦር ጨብጦ፣ ከቤቱ ተነሣ። በዳክዬዎቹ ኩሬ አለፈ፤ ዳክዬዎቹም መንገድ አልለቀቁለትም። ስልኩ ወጥቶ መጻሕፍት በገቡበት በቀዩ የስልክ ሳጥን አለፈ፤ በውስጡም ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፉ፣ ማንም ያልነካቸው አሥራ አራት መጻሕፍት ነበሩ። «ማረሻው» በተባለው መጠጥ ቤት ደጅ አለፈ፤ በጦርነት የወደቁት የመንደሩ ልጆች ስም ከተቀረጸበት ድንጋይ ፊት ሲደርስም ባርኔጣውን አነሣ። የተከተሉትም ሠራዊት እነዚህ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑን በየተራ በአበባ የሚያስጌጡት ሴቶች አለቃ ወይዘሮ ማቭስ ታንድሪጅ፣ ሁለት ረዳቶቿ ከነመቀሶቻቸው፣ አንድ ጆሮው የማይሰማው ኦርጋን መቺው ክላይቭ፣ አድሚራል የሚባለውም እግረ አጭር ውሻ። ሲደመር አራት ሰውና አንድ ውሻ ነበር።

ሠራዊቱም በመንገዱ ሁሉ ስለ ሰማዩ አወጀ። «ዛሬስ ሳይዘንብ አይቀርም!» ሲሉ፣ «ከሰዓት በኋላ ይከፈት ይሆናል!» ሲሉ ሄዱ። የኦስበርት ሚስት በየካቲት ካረፈች ስምንት ወር ሞልቷል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመንደሩ ሰው ስለ እሷ አንድ ቃል የነገረው የለም። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። በዚያ አገር ለሐዘንተኛ ሐዘኑን ማንሣት እንደ ድፍረት ይቆጠራልና፣ ባገኙት ቁጥር ስለ ዝናብ ይነግሩታል። እሱም ስለ ዝናብ የማያውቀው ነገር አልቀረም፤ ቤቱ ሲገባ ግን ይከፋው ነበር።

በደጀ ሰላሙ ገብቶ፣ በአሮጌው ጥድ ሥር አልፎ፣ ከባዱን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ። በአግዳሚውም ላይ ሁለት ባዕዳን ተቀምጠው አየ፤ ከለንደን ለዕረፍት የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ይህስ ይቻል ነበር። ሰውየው ግን ጭቃ የለወሰውን ቦት ጫማውን በጉልበት ትራሱ ላይ አሳርፎ ነበር። ትራሱ ሰማያዊ ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ በክር የተጠለፈበት፣ ሚስቱ ሁለት ክረምት ሙሉ ሠርታ ስትጸልይ የምትንበረከክበት ነበር። ከእጇ ሥራ በዚያ ቤት የቀረው ይኸው ብቻ ነው።

በዚያ አገር ሥርዓት «ይህ ቦታ የእኔ ነው» ማለት አይፈቀድም። ስለዚህ ኦስበርት በአባቶቹ ደንብ ተዋጋ፤ መጀመሪያ እህህ ብሎ ሳለ፣ ቀጥሎ የመዝሙር መጽሐፍ ጣለ፣ በሦስተኛው ከአግዳሚው ጫፍ ቆሞ ግድግዳው ላይ ያለውን የአንድ ባላባት መቃብር ጽሑፍ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመረ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ቀና ብላ አወጀች፦

«ውይ አባባ፣ ቦታዎትን ያዝንብዎት እንዴ? እንነሣ?»

ድል እጁ ገብታ ነበር። ኦስበርት ግን የዚያ አገር ልጅ ነውና አፉ ልቡን ቀድሞት አወጀ፦

«ኧረ በፍጹም! ምን ችግር አለው፣ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!»

በኔዘር ሞልቢ እንዲህ የተባለ ሰው ወዲያው ዕቃውን ሰብስቦ ይነሣል፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ለንደኖቹ ግን የምር አመኑት። አመስግነው ተደላደሉ፤ ቦት ጫማውም ትራሱ ላይ ይበልጥ ተመቸው።

ኦስበርትም ወደ ኋላ፣ ብርድ ወደሚገባበት ወደ መጨረሻው ረድፍ ተሰደደ። በዚያም ወይዘሮ ማቭስ በሹክሹክታ አወጀች፦ «ምነው ኦስበርት፣ ሂድና ንገራቸው እንጂ! እኔ በሰው ነገር አልገባም፣ ግን ያ ቦት ጫማ አንጀቴን አቃጠለው!»

መዝሙሩ ተጀመረ። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ኃያሉ ተነሣ፤ በመካከለኛው መተላለፊያ ሃያ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ኦርጋኑ እንዳይውጠው ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ፦

«ይቅርታ! እግርዎን ያንሡልኝ! ትራሱ የሚስቴ ነው! ሞታለች!»

ክላይቭም ልክ በዚያች ቅጽበት ገጽ ለመግለጥ አቁሞ ነበርና የመጨረሻው ቃል ግድግዳውን ሁሉ ዞረ። በዚያ ቤት በስምንት መቶ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ተነግሮ አያውቅም። ቄስ ፊሊፓ መጽሐፏን ዘጋች። ወይዘሮ ማቭስ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ሰውየው ፊቱ ቀልቶ እግሩን አነሣ፤ ጭቃውንም በገዛ እጅጌው ይጠርግ ጀመር። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችው፤ እንዲህም አለች፦ «እኔ በሞትኩት አባባ! ባለቤትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

ኦስበርት አፉን ከፈተ። ስምንት ወር ጮክ ብሎ ያልጠራው ስም ነበር።

«ሄስተር» አለ። ደግሞም «ሄስተር» አለ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ማቭስ በሰው ነገር አለመግባቷን ረስታ ከኋላ አወጀች፦ «መኪና ስትነዳ እኮ አጥር አይተርፋትም ነበር!» ክላይቭም በደህናው ጆሮው ሰምቶ አወጀ፦ «የእኔን በር ሁለቴ ነው የገጨችው!» ሰዉም ሁሉ ሄስተር፣ ሄስተር እያለ ተንጫጫ፤ ኦስበርትም በሁለቱ ባዕዳን አጠገብ ተቀምጦ እየሳቀ አለቀሰ። ስብከትም በዚያ ቀን አልተሰበከም።

ነገሥታት አገር ይዘው ሐውልት ያቆማሉ። ኦስበርት ግን ማንንም ሳያፈናቅል፣ ከማሞቂያው እስከ መተላለፊያው ያለችውን ግዛቱን ከእንግዶች ጋር ተካፍሎ፣ ሰው ሁሉ የሸሸውን ስም ወደ ሰው አፍ መለሰ። ዘመኑ ይርዘም፤ ዝናው ከኩሬው እስከ ደጀ ሰላሙ ይሰማ። ሥዩመ አግዳሚ ብለነዋል፣ መዋዔ ብርድም ብለነዋል፤ ከዚያ ሰንበት ወዲህ ግን መንደሩ በሌላ ማዕረግ ይጠራዋል፤ እሱም ሲጠሩት ቀና ይላል፦ የሄስተር ባል።