ጨው ይቀረዋል

ዱባይ ውስጥ መኸር የሚባል ወቅት አለ ብላችሁ ለአገር ቤት ሰው ብትነግሩት ይስቅባችኋል። ምን የሚታጨድ አለና? ዛፉ ቅጠሉን አያራግፍም፤ ቢያራግፍም የጽዳት ሠራተኛው መሬት ሳይነካ የሚቀልበው ይመስለኛል። ወቅቱ መለወጡ የሚታወቀው በሌላ ነው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ጀርባችሁ ካልረጠበ፣ ማታ ማታ ሰዉ ከየፎቁ ወርዶ ሣር ላይ መቀመጥ ከጀመረ፣ ጥቅምት ገብቷል ማለት ነው። እንግሊዞች ግን ይህን ሁሉ አይጠብቁም። የቀን መቁጠሪያቸው መኸር ነው ካላቸው መኸር ነው። ውጭው እሳት ቢሆንም ኤሲውን ጥርስ እስኪያንገጫግጭ ያበርዱና፣ ሹራብ ደርበው፣ ትኩስ ወጥ ይበላሉ። እንዲህ ያለ እምነት በቤተ ክርስቲያንም ብዙ አላየሁም።

ስለ ወጣቸው ክፉ ያልተናገረ የለም፤ እኔ ግን ጠበቃቸው ነኝ። ስቲው የሚሉት በርበሬ ያልጎበኘው ወጥ ነው። ሥጋው፣ ካሮቱ፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ አንድ ድስት ውስጥ ገብተው፣ ክዳን ተከድኖባቸው፣ ምድጃ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። ማንም አያማስላቸውም፣ ማንም አይጨቀጭቃቸውም። የእኛ በርበሬ የስንቱን ባለሙያ ገበና ሸፍኗል! ያረረውን ሽንኩርት፣ ያረጀውን በሬ፣ የተቻኮለችውን ሴት ሁሉ ቀይ ነጠላ አልብሶ ያሳልፋል። የእንግሊዝ ወጥ ግን መሸፈኛ የለውም፤ ሥጋው ጥሩ ካልሆነ ወይ አንቺ ካልታገሥሽ እዚያው ሳህኑ ላይ ያሳጣሻል። ደግሞ ክራምብል የሚሉት አለላችሁ፤ ከታች ፖም፣ ከላይ በጣት የታሸ ዱቄትና ቅቤና ስኳር። ሲጋገር ሽታው ሰፈሩን ያስታርቃል።

እንዲህ እያመሰገንኩ ነው እንግዲህ፣ እስከ ገና ድረስ አንዲት ማንኪያ ሳልቀምስ የቆየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻርጃ የዐረብ ቤት ስምንት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ አል ጋርሁድ እንግሊዞች ቤት በተመላላሽነት ምግብ አብሳይ ሆኜ ገባሁ። ማደሪያዬ ኢንተርናሽናል ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከአምስት ሴቶች ጋር ቤድ ስፔስ፣ ማለትም አንድ ክፍል ውስጥ የአልጋ ቦታ፣ ተከራይተን እንኖራለን፤ ጠዋት አውቶቡስ፣ ከዚያ ሜትሮ። ቤቱ ውስጥ ማዳም አለች፣ ባሏ አለ፣ የባሏ አባት ሚስተር ሄንሪ አሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በፋሲካ ሰሞን ሚስታቸው ስለሞቱባቸው ልጃቸው ከአገራቸው አምጥቷቸው ነው። ሳሎን ጥግ ይቀመጣሉ፣ ያመሰግናሉ፣ አይበሉም። ሱሪያቸውን በቀበቶ ሳይሆን በተስፋ ነው የያዙት።

በመጀመሪያው ቀን ልጃቸው ወጥ ቤት ድረስ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ እስከ አዲስ ዓመታችን መብላት ካልጀመሩ እንግሊዝ አገር የአረጋውያን መጦሪያ መውሰድ ግድ ይለኛል። እሳቸው እዚያ መሄድ አይፈልጉም፤ እኔም አልፈልግም» አለኝ። ዓይኑ ቀይ ነበር። እናቱ ትሠራው የነበረውን ስቲው አሠራር በስልክ ላከልኝ። አንጀቴን በላው።

የጀመርኩት ረቡዕ ነበር። ጾም ነው እንግዲህ፤ አልቀምስም። አገር ቤት ይሄ ችግር አይደለም። የእኛ ሴት የጾም ቀን ለሕፃን ዶሮ ብትሠራ እንፋሎቱን በእጇ ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ ጨዉን ታውቀዋለች። እኔም ሳብኩት። ስቲው ግን በአማርኛ አይሸትም! ምንም አልነገረኝም። በግምት ነሰነስኩና አቀረብኩ። ሚስተር ሄንሪ አንድ ማንኪያ ወስደው፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ» ብለው ሳህኑን ገፉት።

ዓርብ ቸገረኝና ሳሎን ሄጄ፣ «ይቅርታ ሚስተር ሄንሪ፣ ዛሬ ጾመኛ ነኝ፤ ጨዉን ይቅመሱልኝ» አልኳቸው።

«እኔ?» አሉ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሚስታቸው በሕይወታቸው ዘመን ወጥ ቤት አስገብተዋቸው አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብለው ቀመሱ።

«ጨው ይቀረዋል።»

ጨመርኩ። ቀመሱ። አሰቡ። «አሁንም ይቀረዋል።» ሦስተኛ፣ አራተኛ። በመሃል፣ አንድ ቀን ተደብቀው ከድስቱ ዳቦ ሲያጠቅሱ ሚስታቸው ይዘዋቸው እጃቸውን በጭልፋ እንደመቷቸው አጫወቱኝ። አምስተኛው ላይ ወንበር ስቤላቸው፣ ዳቦ ቆርጬላቸው፣ ድስቱ አጠገብ ሳህን ሙሉ በሉ። እኔም ሽንኩርት ሳልከትፍ አለቀስኩ።

ሰኞ የጾም ቀን አይደለምና ራሳቸውን እንዲችሉ፣ እኔም ሳልቀምስ በዓርቡ የጨው ልክ ሠርቼ ጠረጴዛ ላይ አቀረብኩላቸው። አልበሉም። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ጠራኋቸው፤ በሉ። ያኔ ነገሩ ገባኝና፣ «ከዛሬ ጀምሮ እስከ ገናችን በየቀኑ ጾም ነው» ብዬ ዋሸሁ። በርግጥ የጽጌ ጾም ነበር፤ ግን እሱን መነኮሳትና እናቴ ይጾሙታል እንጂ እኔ በበሩም አልፌ አላውቅ።

ማታ ለከድጃ ነገርኳት። ከድጃ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሆቴል ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፤ አልጋዋ ከአልጋዬ በላይ ነው። ከላይ ሆና እንደ መልአክ ቁልቁል አየችኝ።

«ዋላሂ በላይነሽ፣ ጾምን ያህል ነገር ይዋሻል? እሰው ፊት ጾመኛ፣ እኔ ፊት እንቁላል! ወይ ጹሚው፣ ወይ ንገሪያቸው፣ ኸላስ!»

ከሙስሊም ንስሐ አባት ይሠውራችሁ። ጾምኩት። ጽጌን ጨርሼ የነቢያትን ቀጠልኩ፤ በሁለቱ ጾሞች መካከል ያሉትን ጥቂት የፍስክ ቀናት ሚስተር ሄንሪ አያውቋቸውም፣ እኔም አላስተዋወቅኋቸውም። ያ ሁሉ ቅቤ በጣቴ መካከል እያለፈ፣ ያ ሁሉ ሥጋ ፊቴ እየፈረሰ፣ እኔ ምስር በላሁ። እሳቸው በየቀኑ ሳይጠሩ እየመጡ፣ ማንኪያቸውን ከመሳቢያ እያወጡ፣ «ጨው ይቀረዋል» እያሉ ጉንጫቸው ሞላ። ኅዳር ላይ የወጥ ቤቱን መስኮት ራሳቸው ከፈቱና፣ «አሁን ገና መኸር መሰለ» አሉ።

እሑድ እሑድ ልጃቸውና ማዳምም አብረው ይበላሉ። «ላቭሊ»፣ ግሩም ነው፣ ይላሉ። ከዚያ ውኃ ይጠጣሉ። አንድ ጆግ ይጨርሱና ሌላ ያስቀዳሉ። ውኃ የሚወድ ሕዝብ ነው ብዬ አለፍኩት።

አዲስ ዓመታቸው መጥቶ አለፈ። ልጃቸው አባቱ ቀበቶ ሲያላሉ አየ፤ የመጦሪያውን ነገር ዳግመኛ አላነሳም። በሳምንቱ ገናችን ሆነ። ሚስተር ሄንሪ ማንኪያውን ሞልተው፣ «ዛሬ ተራው ያንቺ ነው» አሉኝ።

ቀመስኩት።

ጎበዝ፣ ቀይ ባሕርን ያለ ሙሴ ገባሁበት! ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ ይሄ ግን ለሦስት ድስት የሚበቃ ጨው ነው። ሮጬ ማዳምን፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አባታችን ሲበሉ እያየን ስለ ጨው እናንሳ?» አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ውኃ እያስከተሉ ውጠውታል። የእኛ አማት ብትሆን በመጀመሪያው ጉርሻ ለሰፈሩ ታሰማ ነበር።

ወደ ሚስተር ሄንሪ ተመለስኩ። «እርስዎስ? ጨዉ አይታወቅዎትም ነበር?»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እሷ ከሞተች ወዲህ ምንም አይጣፍጠኝም፣ በላይነሽ። ጨዉንም አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ይቀረዋል ይሉኛል?»

«ይበቃዋል ካልኩማ ወደ ሳሎን ትመልሺኛለሽ።»

እኔ በጾም ዋሸሁ፣ እሳቸው በጨው ዋሹ፣ እነዚያ በ«ላቭሊ» ዋሹ፤ ሽማግሌው ግን ልጃቸው ቤት ቀሩ። ዛሬ ጾምም ይሁን ፍስክ ሚስተር ሄንሪ ወንበራቸው ምድጃው አጠገብ ነው። ጨዉን አስቀድሜ እኔው ለክቼ እጨርሳለሁ፤ የጨው ዕቃውን ባዶ አድርጌ አስቀምጣለሁ። እሳቸው ቀምሰው፣ አስበው፣ «ይቀረዋል» ይላሉ። እኔም ባዶውን ዕቃ አንስቼ ድስቱ ላይ እነሰንሳለሁ።