ጓድ ማሽን እረፍት ላይ ነው

ሳይንስን ወደፊት የገፋው ሰነፍ ነው! አዎ፣ ሰነፍ። ልብስ ማጠብ የታከተው ሰው ማጠቢያ ማሽን ፈለሰፈ፤ ደረጃ መውጣት የታከተው ሊፍት ሠራ። ታታሪው ጎረቤታቸውስ ምን አደረገ? ሲያጥብና ሲወጣ ሞተ! ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ "አንተ ሰነፍ!" የሚልህ ካለ ቀና ብለህ "ሳይንቲስት በለኝ" በለው። እኔ ብዬ አይቻለሁ… ምን እንደተከተለ ግን አትጠይቀኝ።

ይልቅ በቅርቡ አንድ ረቡዕ የገጠመኝን ላውራህ። ባለቤቴ ሩሚያ መምህርት ናት፤ የምታስተምረው ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ሐርላ፣ ቤታችን ከተማው ውስጥ ሳቢያን። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ያገኘችው መኪና ላይ ተሳፍራ ትሄዳለች፤ ከሰዓት አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። ዘንድሮ ከተማ ውስጥ ቦታ ተገኘና "ዝውውር የምትፈልጉ ምክንያታችሁን በደብዳቤ አስረዱ፤ ማመልከቻ የሚዘጋው ረቡዕ አሥር ሰዓት ተኩል ነው" ተባለ።

"ደብዳቤውን ለእኔ ተይው! መጻፍ ሙያዬ አይደል እንዴ?" አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

"ወላሂ ሰሚር፣ ይሄ ዕድል ካመለጠኝ…" አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። የፈራሁት ያልጨረሰችውን ነው።

ይህን ያወራነው በዋዜማው እንዳይመስልህ፤ ከሳምንት በፊት ነው። ረቡዕ ሰባት ሰዓት ሲሆን አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። ደግሞስ ለምን እጨነቃለሁ? ስልኬ ላይ ኤአይ የሚሉት ነገር አለ፤ የፈለግከውን ንገረው፣ በደቂቃ ጽፎ ያስረክብሃል። ሽርጤን አገልድሜ፣ በረንዳው ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ጋደም አልኩ። ሙቀቱ… አቦ ሙቀቱን ተወው! ስልኬን ልከፍት ስል ጎረቤታችን ጋሽ ዘውዴ ከተፍ አለ።

(አንቱታ የለመድክ አንባቢ አትቆጣኝ። ድሬ ላይ ሽማግሌውን "እርስዎ" ካልከው "ምን በደልኩህ?" ብሎ ይቀየምሃል።)

ጋሽ ዘውዴ ጡረታ ሳይወጣ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ማሽን ላይ ብረት ይቀርጽ ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ የሠፈሩን የውይይት ክበብ ይመራ ነበር። ደርግ ወደቀ፣ ክበቡ ተበተነ፤ ጋሽ ዘውዴ ግን ውይይቱን አላቆመም።

"ከማን ጋር ነው የምትጻጻፈው?" አለኝ።

"ከማሽን። ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ነው።"

"ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት ይወጣል?"

"ማን?"

"ሠራተኛው ነዋ!"

"ኧረ ጋሽ ዘውዴ! ሃያ አራት ሰዓት ነው የሚሠራው።"

"የዓመት ፈቃድስ?"

"የለውም።"

"የሠራተኛ ማኅበር?"

"ማሽን እኮ ነው አቦ!"

ፊቱ ተቀያየረ። አጠገቤ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለ። "እስቲ ጠይቅልኝ። ጓድ፣ ባለቤትህ ማነው በለው።"

ጻፍኩለት። ማሽኑም የሆነ ኩባንያ እንደሠራው በትሕትና አስረዳ።

"ይኸው! የማምረቻ መሣሪያው በከበርቴ እጅ ነው! አሁን ደግሞ፣ ደክሞሃል ወይ በለው።"

መልሱ መጣ፦ "እኔ አይደክመኝም። ስለ አሳቢነትዎ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ሌላ ምን ልርዳዎት?"

የጋሽ ዘውዴ ዓይን እንባ አቀረረ። ወላሂ አልዋሽህም! "ሰማኸው? 'እርስዎ' አለኝ! ይሄ ልጅ ተረግጧል። ያልተረገጠ ሰው እንዲህ አይሽቆጠቆጥም!"

ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ጀርባውን ዳበሰ። "ደግሞ ትኩሳት አለው!" አለ ደንግጦ። እርግጥ ነው፣ ሞቋል። በግንቦት ድሬ ላይ ያልሞቀ ነገር ካለ አሳየኝ!

"ስማ ሰሚር፣ በዚህ አገር ከስድስት እስከ አሥር የማያርፍ ፍጡር አለ? ሱቁ ይዘጋል፣ ባለ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ያሸልባል፣ ፍየሏ እንኳ ግድግዳ ሥር ትጠጋለች። እኛ በዚህ ሰዓት ቶርኖውን አጥፍተን ጨርቅ እናለብሰው ነበር። አንተ ግን ተጋድመህ ወዛደር ታሠራለህ። አንተ ማለት… ንዑስ ከበርቴ ነህ!"

ንዑስ ከበርቴ! ከሁለት ሽርጥ ሌላ የረባ ልብስ የሌለኝን እኔን!

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"እስከ አሥር ይረፍ።"

"ደብዳቤውስ?"

"ያረፈ ሠራተኛ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ይህ ሳይንስ ነው።"

እውነቱን ልንገርህ? ብዙም አላስቸገርኩትም። ማሽኑ ካረፈ እኔ ማን ነኝና እሠራለሁ? ጋሽ ዘውዴ ስልኬን በእርጥብ ፎጣ ጠቀለለና ፍሪጅ ውስጥ ከሀብሀቡ ጎን አስተኛው። እንዳይቀሰቅሰው የፍሪጁን በር ቀስ አድርጎ ዘጋ። ከዚያ እሱ ወደ ቤቱ፣ እኔ ወደ ፍራሼ… ለጥ!

የነቃሁት በሩሚያ ድምፅ ነው።

"ስልክህ ለምን አይሠራም? ደብዳቤውስ?"

"እ… እረፍት ላይ ነው።"

"ማን?"

"ጓድ ማሽን።"

"ሰሚር፣ ስልክህ የት ነው?"

"ፍሪጅ ውስጥ።"

ሄዳ ከፈተች። ፎጣውን ስትገልጠው ስልኬ ረጥቧል፤ ነካካችው፣ ጭጭ! አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ያ ረቢ… ሦስት ዓመት" አለች በቀስታ። ብትጮህብኝ በስንት ጣዕሙ! አንጀቴን በላችው። በራሴም አፈርኩ። ሰዓቱን አየሁ፤ አሥር ሰዓት ሆኗል።

ይሄኔ ጋሽ ዘውዴ ብቅ አለ። "እንዴት ነው፣ ጓዱ ነቃ?"

ሩሚያ ዞራ አየችው። አየችው ብቻ!

"ግለ ሂስ አደርጋለሁ" አለ ወዲያው።

"ግለ ሂስህን ለራስህ! ወረቀት አምጣ!"

ወረቀት መጣ፣ እስክሪብቶ ያዝኩ። "በታላቅ አክብሮት…" ብዬ ቆምኩ። ጸሐፊው እኔ፣ ሌላ ቃል አልመጣልህ አለኝ! ለካ ሙያዬም አብሮ ፍሪጅ ገብቷል። ጋሽ ዘውዴ ትከሻዬን ያዘና "ጻፍ!" አለኝ። እሱ እየጮኸ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ሩሚያ ባጃጅ አስቁማ ሦስታችንም ዘለን ገባን። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ገና ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ ነው፤ ያውም በሽርጤ!

ማመልከቻው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ትምህርት ቢሮ ገባን። ኃላፊው ፊት የደብዳቤ ክምር አለ። የእኛን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

"የማሽን ጥርስ እንኳ ሲያልቅ ይቀየራል። የመኪና ጎማ ይቀየራል። መምህርት ሩሚያ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በኮረኮንች መንገድ እየተንገጫገጨች አልተቀየረችም። እስክትሰበር ነው የምትጠብቁት? ልጆቹን ትወዳለች፣ መንገዱን ግን አትችለውም!"

ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። "ማነው የጻፈው?" አለ ኃላፊው።

ሦስታችንም ተያየን።

"ከጠዋት ጀምሮ የማነበው ሁሉ 'ከፍ ባለ ትሕትናና በጥልቅ አክብሮት' ነው። ሁሉም አንድ አፍ ነው ያላቸው! ይሄን ግን ሰው ነው የጻፈው" አለና እየሳቀ ፈረመ። በሳምንቱ ስሟ ተለጠፈ፤ የተመደበችው እዚያው ሳቢያን፣ ከቤታችን የሰባት ደቂቃ መንገድ! ሩሚያ ጋሽ ዘውዴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

ደስታዬ የቆየው እስከ ሰኞ ነው። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው ማለት እኮ… ሩሚያ ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ናት ማለት ነው! "ሰሚር፣ በርሜሉን ሙላ! ሰሚር፣ መጋረጃውን ስቀል! ሰሚር፣ ፍራሹ ላይ ምን ትሠራለህ?" አራተኛው ቀን ላይ ጋሽ ዘውዴ ቤት እየሮጥኩ ሄድኩ።

"ጋሽ ዘውዴ፣ ድረስልኝ! እየተበዘበዝኩ ነው!"

"ማነው በዝባዡ?" አለ ሽርጡን አጥብቆ እየታጠቀ።

"ሩሚያ!"

ሽርጡን መልሶ አላላ። ወጣ ብሎ ወደ እኛ በር አየ፣ ተመለሰና ጆሮዬ ሥር ሹክ አለኝ፦ "ጓድ… ለዚህኛው ትግል ሁኔታው ገና አልበሰለም።"