ያልመጡት ሰዎች ድምፅ

ስለ ስኮትላንድ ምን ታውቃላችሁ? እኔ የማውቀው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በእኛ 1971፣ በእነሱ 1979። ያ ዓመት የእናቴን ቤት አተረፈልን ብል ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። እኔ ያን ቀን አልሳቅሁም።

የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ነበር። አባቴ ሞቷል። እናቴ ጴንጤ ናት፤ በደርግ ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደነበር አልዘረዝርም። ያለችን አንዲት ቤት ነበረች። እሷን ደግሞ ቀበሌው ለኪነት ቡድኑ ከበሮና ልብስ ማስቀመጫ ፈለጋት። ጉዳዩ ለጠቅላላ ስብሰባ ቀረበ። ሊቀመንበሩ ምን እንደነካው እንጃ፣ ስብሰባውን ሰኞ ጠራው! በገበያ ቀን ማን ስብሰባ ይሄዳል? ከተመዘገበው ሰው ሲሶው እንኳ አልመጣም።

እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ ስብሰባ ሲከፈት የዓለም ዜና የማነበው እኔ ነበርኩ። ዜናውን ከየት አመጣዋለሁ? ከኮምቦልቻ የመኪና ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነዋ! የዕለቱ ዜና የስኮቶች ነበር። የራሳችሁ ምክር ቤት ይኑራችሁ ወይ ተብለው ድምፅ ሰጡ። ድምፅ ከሰጡት አብላጫው "ይኑረን" አለ። ግን አልጸደቀም። ለምን? ከተመዘገበው መቶ ሰው አርባው "ይኑረን" ካላለ አይጸድቅም የሚል ሕግ ነበረባቸው። ቤቱ የተቀመጠ ሁሉ እንደ ተቃዋሚ ተቆጠረ ማለት ነው! በዚህ ጠብ ተነሣና የለንደኑ መንግሥት በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ።

"በስንት?" አለ ከኋላ አንዱ።

"በአንድ!" አልኩ። አዳራሹ ተንጫጫ። እኔም ጋዜጣዬን ቶሎ አጠፍኩ።

ከዚያ ወደ ቤታችን ጉዳይ ተገባ። "ይወሰድ" የምትሉ ሲባል እጁ እንደ ደን ቆመ። እናቴ አቀረቀረች።

ይሄኔ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አያ ሰይድ ተነሣ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ያልመጣውስ ሰው? ወላሂ፣ ሰዉ ሁሉ ገበያ ነው! ስኮት እንኳ የቀረውን ሰው ሲቆጥር እኛ አብዮተኞቹ ልንበለጥ ነው?"

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። "እነዚህ ስኮቶች ወገናቸው ከማን ነው?"

"ከለንደን መንግሥት ጋር ተጣልተዋል፣ ጓድ።" ውሸት አልተናገርኩም።

"እንግዲያ ፀረ ኢምፔሪያሊስት ናቸዋ!"

ሕጉን የጫነባቸው ያው የለንደኑ ምክር ቤት መሆኑን ማን ጠየቀኝ?

መዝገብ መጣ። እጅ እንደገና ተቆጠረ። "ይወሰድ" ያለው ከመቶ አርባ አልሞላም። ውድቅ! አያ ሰይድ ሊቀመንበሩ ላይ ተጠምጥሞ ሳመው። እኔ ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ቤት እንደገባን እናቴ ተንበረከከች። "ጌታ ሆይ፣ ገበያ የሄዱትን ባርክ" አለች። ቀጥላ ቀና ብላ አየችኝ። "ስኮቶቹስ መጨረሻቸው ምን ሆነ?"

"ተሸነፉ፣ እማዬ።"

"በምን?"

"እኛ በዳንንበት ሕግ።"

ትንሽ አሰበችና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

"ከእነሱ ደግሞ ቤታቸው የተቀመጡትን ይቅር በላቸው።"