በጥቅል ጎመን የተማርኩት ጥምቀት

በመጀመሪያ ይቅርታ። የእጅ ጽሑፌ መስመር ይዞ አይሄድም፤ ዳገት እንደሚወጣ የፈረስ ጋሪ እየተንገጫገጨ ወደ ላይ ይሳባል። የፊደል ግድፈትም አለብኝ። ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት በጭንቅ ስለሆነ ሃሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ እስከ ዛሬ የምጽፋቸው በዕድል ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ፊደል ስለሳታችሁ ሰው አይሞትም ትለን ነበር። እውነቷን ነው፤ ሰው አልሞተም። እኔ ግን በአንድ ፊደል ሁለት ዓመት ሙሉ ስጨነቅ ኖሬያለሁ።

እናንተ ስማችሁ ሲጠራ ምን ትላላችሁ? አቤት፣ አይደል? እኔ ስሜ ሲጠራ ድምፄ ይጠፋል። ትምህርት ቤት ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ‹ቀሪ› የተባልኩባቸው ቀኖች አሉ። ለዚህ ይመስለኛል ከሃይማኖት ትምህርት ሁሉ ጥምቀት ልቤ ውስጥ የቀረው። ጥምቀት ሰው አቤት ማለት ሳይችል የሚጠራበት ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል ወይ ይተኛል፣ ክርስትና እናቱ ስለ እሱ ትመልሳለች፣ እግዚአብሔርም ቀሪ ብሎ አይጽፈውም።

አሰላ ውስጥ እኛ ካቶሊኮች ብዙ አይደለንም። ለጎረቤቶቼ ጥምቀት ስላቸው የጥር በዓል ነው የሚታያቸው። ለእኔ ደግሞ የየቀኑ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የተባረከ ውሃ ያለበት ሳህን አለ፤ ጣታችንን ነክረን እናማትብና እንገባለን። ጠዋት ከጀሪካን ቀድቼ ፊቴን ስታጠብም በስመ አብ እላለሁ። ያው ስጠመቅ ራሴ ላይ የተባለው ስም ነው። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪያችን ጋሽ ታደሰ፣ ባማተባችሁ ቁጥር ወደዚያ ውሃ ትመለሳላችሁ ይሉናል።

ጋሽ ታደሰ አንድ ቅዳሜ ያስተማሩን ነገር ነው ጣጣ ያመጣብኝ። ሰው ሊሞት ሲል ቄስ ከሌለ ማንም ማጥመቅ ይችላል አሉን፤ ልጅም ብትሆን። ራሱ ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ ማፍሰስ፣ ቃሉን ማለት፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስበውን ማሰብ። በቃ። ለልምምድ ከጓሯቸው የሕፃን ራስ የሚያክል ጥቅል ጎመን ቆርጠው አመጡ፣ ጴጥሮስ ብለው ስም አወጡለት። በጥምቀት ስለማይቀለድ ኩባያው ባዶ ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ እንደ ልማዴ ድምፄ ጠፋ። ‹‹ጎመኑ አልሰማሽም›› አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ሦስቴ አስደገሙኝ። ጴጥሮስም ምሳ ላይ ከድንች ጋር ተቀቀለ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ሳጉሬ ያገባችው እህቴ ሐና በሰባት ወሯ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ለሥራ ሲሬ ስለነበር አራሷን የማስታምመው እኔ ሆንኩ። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ጡት መያዝ ተወች። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ቶሎ ወደ አሰላ ሆስፒታል አሉን። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቶ ስለነበር ሚኒባስ ያዝን።

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ።

ተሳፋሪው ወረደ። ሹፌሩ ጎማ ሊቀይር ተንበረከከ። እህቴ በዚያ ድካሟ አስፋልቱ ላይ ቆማ መኪና ትለምናለች። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ልጅቷን ታቅፌ ቀረሁ። አጠገቤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት ሙስሊም አሮጊት ነበሩ፤ እሳቸውም አልወረዱም። የልጅቷ ትንፋሽ ይመጣል፣ ይቆያል፣ ደግሞ ይመጣል። በመካከሉ ያለው ዝምታ እየረዘመ ሄደ። ከንፈሯ ጠቆረ።

አሮጊቷ እግር ሥር ለሶላት መታጠቢያ የያዙት ውሃ ነበር። ‹‹እናቴ፣ ውሃዎትን ይስጡኝ›› አልኩ። ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

‹‹ጠጪ፣ ኢንተሎ። ደንግጠሻል›› ብለው ሰጡኝ። ኢንተሎ በኦሮምኛ አንቺ ልጅ ማለት ነው።

አልጠጣሁም። በመዳፌ እየያዝኩ የልጅቷ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰስኩ፣ የተለማመድኩትን ቃል አልኩ። አሮጊቷም መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ‹‹አንቺም በአንቺ ለምኚ፣ እኔም በእኔ እለምናለሁ። ሰሚው ይስማ›› አሉ።

ውሃው ቀዝቅዟት ይሁን ሌላ ነገር፣ ልጅቷ ጮኸች። እህቴም እህል የጫነ አይሱዙ አስቁማ ነበር። ሆስፒታል ደረስን። ብዙ ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይታ ተረፈች።

ልጅቷ መትረፏን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው ፊደሉ ትዝ ያለኝ። ‹አጠምቅሻለሁ› ማለት ሲገባኝ ‹አጠምቅሃለሁ› ብዬአለሁ። ጎመኑ ወንድ ነበራ! በኦሮምኛ ብዬው ቢሆን ለሴትም ለወንድም አንድ ስለሆነ እድን ነበር።

ልጅቷ ሦስተኛ ወሯን ስትይዝ እህቴ ልታስጠምቃት ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻት። ቄሳችን አባ መዝገቡን ከፍተው፣ ከዚህ በፊት ያጠመቃት ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። እህቴ የለም አለች። እኔ ፎጣ ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አሁንም እዚያው ሆኜ ቀሪ። አባ ልጅቷን ማርታ ብለው ‹አጠምቅሻለሁ› ሲሉ ያቺን ‹ሻ› ሰምቼ ተነፈስኩ። ግን ጥምቀት ሁለት ጊዜ የለም። ከሁለታችን ያንዳችን ውሃ ውሃ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ አላውቅም።

በር ላይ ጣቴን በነከርኩ ቁጥር ይህ ነገር ውሃው ውስጥ ይጠብቀኛል። ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄጄ፣ አንዲት የማውቃት ልጅ እንዲህ አድርጋ ነበር አልኳቸው።

‹‹እግዚአብሔር ፊደል አራሚ ነው እንዴ?›› አሉኝ። ‹‹እንዲያ ቢሆን በእኛ በአርሲዎች አማርኛ ማን ይጠመቅ ነበር? እኔ ሚስቴን መጣህ ወይ እያልኩ ነው ያረጀሁት። ውሃው ፈሷል፣ ስሙ ተጠርቷል። ተጠምቃለች።›› ትንሽ አዩኝና ‹‹ያቺ የምታውቂያት ልጅ ግን ለአባ ትንገራቸው›› አሉ።

ነገርኳቸው። አባ አልተቆጡም። መዝገቡን አውጥተው፣ ምን ብለሽ ነበር ያጠመቅሻት አሉኝ። ከ‹በአብ› ጀምሬ አልኩላቸው፤ እሳቸውም ዳር ላይ ጻፉት። እህቴ ስትሰማ አቅፋኝ አለቀሰች።

ሁሉንም የነገርኳቸው ይመስላችኋል። ከ‹በአብ› በፊት ግን ስም አለ፤ ስሙን አባ አልጠየቁኝም። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ የመጣልኝ ሦስቴ የተለማመድኩት ብቻ ነበር። የእህቴን ልጅ ያጠመቅኳት ጴጥሮስ ብዬ ነው።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ሰው ሳይኖር ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ ቀስ ብዬ እጠራታለሁ፤ ጴጥሮስ። ማርታ ዞር ብላ፣ ከእኔ በሚበልጥ ድምፅ፣ አቤት ትለኛለች።