አንገቱን ያዘነበለ ደግፏል

በኔፓል አቆጣጠር ካርቲክ ወር 14 ቀን፣ ከዳገቱ አጋማሽ ባለው የተሸካሚዎች ማረፊያ ግንብ፣ ከዋርካው ሥር።

ይህን የምናገረው እኔ ጸሐፊው ሀርካዳን ራይ ነኝ። አርባ ዓመት ተሸክሜአለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የተባለውን ግን አልረሳም፣ የተመረጥኩትም ለዚህ ነው። እጁን ያዋሰኝ መምህር ባክታላል ነው። ላሳምረው ሲል ተቆጥቼዋለሁ።

የተገኙ፦ ሰብሳቢ ካጊራጅ፣ ሸክም የሚያከፋፍሉን ደላላ፤ የሆስፒታሉን የአንገት ሕመም መጠይቅ ወደ ኔፓልኛ የመለሰው መምህር ባክታላል፤ ሁሉ ዲዲ፣ ታላቅ እህት፣ የሚላት ፉልማቲና ሌሎች ስድስት ተሸካሚዎች፤ ጸሐፊው። ድምፅ የሌላት እንግዳ፦ ከከተማ ሆስፒታል የመጣችው ወይዘሪት አንጂታ። ያልተገኘ አንድ፤ ሸክም ላይ ነው። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ድምፅ እንደ ልማዳችን ይሰጣል ተባለ፤ የደገፈ ጭንቅላቱን ወደ ትከሻው ያዘነብላል፣ ያልደገፈ ቀጥ ይላል።

ወይዘሪት አንጂታ፣ መጠይቁ የታመመ አንገት ከሥራ ምን ያህል እንደሚያግድ እንደሚለካ ገለጸች። ዛሬ ካልጸደቀ ለነጻ ሕክምና የተያዙት አልጋዎች ለማዶው ሸለቆ ይሰጣሉ። ፉልማቲ ዲዲ ቀኝ እጇ ከደነዘዘ ሁለት ወር ሆኗታል። ሁሉም ያውቃል፤ ካጊራጅ ፊት የሚናገር ግን የለም፣ «አመመኝ» ያለ ሸክም አያገኝማ። ጠዋት መጠይቁ ለሙከራ ሲሞላ ሰብሳቢው እዚያው ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ስለነበር የሁሉም መልስ «አያመኝም» ሆኗል።

አጀንዳ 1፦ «መኪና ስነዳ አንገቴን ያመኛል» ስለሚለው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «እኔ መኪና የማውቀው በጀርባዬ ነው። ሞተሩን ተሸክሜ ዳገት አውጥቻለሁ፤ የነዳሁት የለም» ሲል አስረዳ። ፉልማቲ «ጭነት ግንባሬ ላይ በሚያርፍ ጠፍር ስሸከም» በሚል እንዲተካ አቀረበች። ሁሉም እሰየው አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ ድምፅ ሲሰጥ ያዘነበለው መምህሩ ብቻ ነው። ውድቅ ሆነ።

አጀንዳ 2፦ «የፈለግሁትን ያህል ማንበብ እችላለሁ» ስለሚለው። ጸሐፊው ይህ ስድብ መሆኑን ገለጸ። መምህሩ እንደ አያት አክብሮ «ባጄ፣ ስድብ አይደለም፤ ከውጭ የመጣው እንዲሁ ነው» አለ። ጸሐፊው «ከመጣበት ይመለስ» ብሎ፣ «ወደ ገደሉ ቀና ብዬ ፍየሎቼን መቁጠር እችላለሁ» እንዲባል አቀረበ። ሁሉም ይህስ ጥያቄ ነው አሉ። ያዘነበለ፦ መምህሩ። ውድቅ። ጸሐፊው ራሱም አላዘነበለም፤ ምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም።

አጀንዳ 3፦ ሰብሳቢው «በዚህ መንገድ አንገቱን የሚያመው የለም፣ እንግዳዋ በሰላም ትመለስ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ያዘነበሉ፦ ሰብሳቢው፤ ሰብሳቢው ሲያዩት ደግሞ መምህሩ። ይህም ውድቅ ሆነ።

ሰብሳቢው «ምን ነክቷችኋል እናንተ? የወደዳችሁትንም የጠላችሁትንም እኩል ትጥላላችሁ» ሲሉ ጠየቁ።

ፉልማቲ ዲዲ እንደ ታላቅ ወንድም ጠርታቸው «ካጊራጅ ዳይ፣ አንገቴን ማዘንበል ብችል እዚህ ምን አስቀመጠኝ?» ስትል መለሰች።

አንጂታ ያላዘነበሉትን በእስክሪብቶዋ ቆጠረች።

«ስምንት» አለች።

ሰብሳቢው «ሰባት ናቸው» አሉ።

«ከጸሐፊው ጋር ስምንት።»

ጸሐፊው አጥብቆ ተቃወመ። ፉልማቲ «ባጄ፣ ከኋላ ሲጠሩዎት ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ በሬ በመላ አካልዎ ነው የሚዞሩት» አለች። ተቃውሞው ተመዝግቧል። የሰማው የለም።

አንጂታ፣ ጥፋቱ ከመጠይቁ ሳይሆን ከአሞላሉ መሆኑን አስረዳች። ሰብሳቢው «አመመኝ» ላለ ሁሉ ሸክም እንደሚከለክሉ አስታወቁ። ፉልማቲ «ስምንታችንንም? ዕቃውን ማን ሊያወጣልዎ?» ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው ወደ ዳገቱ አይተው ክልከላውን ተዉት።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የጠዋቱ መልስም ጭምር፣ ተሽሯል። የወደቁት ሁለቱ ጥያቄዎች ጸድቀዋል። መጠይቁ አሁኑኑ እንደገና ይሞላል፤ ሰብሳቢው ሻያቸውን ከግንቡ ማዶ ይጠጣሉ። በጭንቅላት ድምፅ መስጠት ቀርቷል።

ጥላው ግንቡን ሲሻገር፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣን። የመጨረሻው ድምፅ የተሰጠው በእጅ ነው፤ ስምንታችንም አነሳን። ፉልማቲ ዲዲ ግራዋን።