አዋልዲጌሳ በጋሽ ደጉ መቃብር

ማወቅ ፍርሃትን ያባርራል የሚሉ ሰዎች አሉ። ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክከው አያውቁም ማለት ነው። እኔ ኮተቤ ባዮሎጂ ሳስተምር፣ አርማዲሎ የሚባለው የባሕር ማዶ እንስሳ እንደ ኤሊ ጥሩር ቢለብስም ልጁን ስለሚያጠባ ከአጥቢዎች እንደሚመደብ፣ የጥንት ሊቃውንትም ቆፋሪና ጉንዳን በላ መሆኑን አይተው ከእኛው አገር አዋልዲጌሳ ጋር አንድ ላይ ጠርንፈውት እንደነበር፣ በኋላ ግን ዝምድና እንደሌላቸው ተደርሶበት አዋልዲጌሳ ያለ ወንድም ያለ እህት ለብቻው መመደቡን እተነትን ነበር። ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ መሆኑንና መቃብር አፍራሽ ማለት እንደሆነም ጣል አደርጋለሁ። ተማሪ ይስቃል።

አንድ ማለዳ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በሬን አንኳኩ። ባለቤታቸውን ጋሽ ደጉን እንጦጦ ግርጌ ካለው ቤተ ክርስቲያን ከቀበርን ገና ወር አልሞላም። የመቃብሩ ጠባቂ ደውሎ አፈሩ ተቆፍሯል ብሏቸዋል። አቀበቱን ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግሙ ነበር፤ ጅብ ከሆነስ?

ባሕር ዛፉ መሃል ጉም ተኝቷል። ከመቃብሩ ራስጌ ሰው የሚያሾልክ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ቆዩና፣ "እስቲ እየው" አሉኝ። "ደጉ ካለ አለ በለኝ፤ ከሌለም አትደብቀኝ።"

"ፈሪ ለእናቱ" ይባላል፤ እናቴ ካረፈች ቆየች እንጂ እሮጥላት ነበር። ተንበርክኬ የስልኬን መብራት ወደ ውስጥ አበራሁ። ከባድ ትንፋሽ ተሰማ። ወዲያው አፈር ፊቴ ላይ እንደ ዶፍ ወረደ። እመኑኝ፣ በዚያች ቅጽበት የማውቀው ምድብ ሁለት ብቻ ነበር፤ የሚበላኝና የማይበላኝ። በጀርባዬ ወደቅሁ። ዓይኔን ስጠርግ፣ የአህያ የመሰለ ጆሮና የአሳማ የመሰለ አፍንጫ ብቅ ብሎ ተመልሶ ጠለቀ።

"አዋልዲጌሳ ነው" አልኩ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። ምስጥና ጉንዳን እንጂ ሬሳ እንደማይነካ፣ ጉድጓዱም ከሳጥኑ ርቆ ወደ ጎን መታጠፉን በዓይኔ እንዳየሁ ነገርኳቸው።

"ታዲያ አንተ ለምን ትንቀጠቀጣለህ?"

ወደ ባሕር ዛፉ አፈገፈግሁ።

ጠባቂው ጉድጓዱን ሊደፍን አካፋ ሲያነሳ እትዬ አስካለ ክንዱን ያዙት። "ተወው። ታችም ላይም ሰው ቤት ሲሠራበት መግቢያ አጥቶ ነው። ታፍኖ ከሞተ ፍጥረት ጎን ደጉ እንዲተኛ አልፈልግም።"

አሁን በየእሑዱ ይወጣሉ። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ "እንዴት አደራችሁ" ይላሉ፣ በብዙ ቁጥር። እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ፤ ከባሕር ዛፉ ግን አላልፍም።