ወይዘሪት ራሕዋ መጠየቅ የተወችበት ሰሞን

በየሰፈሩ ሥራውን ቢሮ ጥሎ መምጣት ያልሆነለት ሰው አይጠፋም። ልብስ ሰፊው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሰውን ኮት ስፌት ይመረምራል። መካኒኩ የሠርግ መኪና ውስጥ ገብቶ የሞተሩን ሳል ያዳምጣል። የሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የደረሰባቸው ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ክብርት ወይዘሪት ራሕዋ መድሃኔ፣ ከፍተኛ የምርምር ረዳት።

ማዕረጉ ራሱ መጀመሪያ ላይ ጣጣ ነበረው። አክስቷ "ይኼን ሁሉ ተምራ የታክሲ ረዳት?" ብለው አለቀሱ። "ከፍተኛ" የሚለው ሲነገራቸው ትንሽ ተጽናኑ፤ የአገር አቋራጭ አውቶብስ መስሏቸው ነው።

ራሕዋ የምትሠራው ካዛንቺስ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ የሚጠናው ከዕድሜ ጋር መጥቶ አንጎልን ቀስ እያለ የሚበላ በሽታ ነው፤ የሚያስረሳውም፣ የሚያንቀጠቅጠውም። ከአረጋውያን ደም ትቀዳለች፣ ደሙን በማሽን አሽከርክራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታኖራለች፣ አዳዲስ ሠራተኞችን ታሠለጥናለች። ከሁሉም በላይ ግን ትጠይቃለች። "ሦስት ቃል ልንገርዎት፣ ይያዙልኝ። ሎሚ፣ መቀስ፣ ጋቢ። ቆየት ብዬ እጠይቅዎታለሁ።" ይኼን እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻ ብትለው ማንም ባልተቀየማት።

ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ሱቅ ያለው ሙሐሲን አንድ ቀን ዳቦዋን ፌስታል ውስጥ መክተት ረሳ። "ይኼ ነገር ከጀመረህ ቆየ?" አለችው በርኅራኄ። ከዚያ ወዲህ ገና ከሩቅ ሲያያት እጁን ያነሣል፤ "ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ወሩ ጥቅምት ነው፣ ሎሚ መቀስ ጋቢ! በቃ፣ ምን ልስጥሽ?"

ወንድሟ ኢያቄም ሲያገባ ደግሞ የሙሽራዋ አባት አቶ ገብረዋህድ በምሳው መሀል አንዷን ቀልድ ሁለቴ ተናገሯት። ሌላው እንግዳ ሁለቴ ሳቀ። ራሕዋ ሶፍት ዘርግታ እስክሪብቶ አቀበለቻቸው። "እስቲ እዚህ ላይ ሰዓት ይሣሉልኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ይበል።"

ሰውየው እስክሪብቶውን ይዘው አሰቡና "የሀበሻውን ነው የፈረንጁን?" አሉ።

የጤነኛ ሰው ጥያቄ ነበር። ራሕዋ ደስ ቢላት "ጎበዝ!" አለቻቸው፣ ለሕፃን እንደሚባለው። ኢያቄም ማታውኑ ደውሎ "ራሕዊ፣ በቃ፣ ሁለተኛ እነሱ ቤት ይዤሽ አልሄድም" አላት። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ እሷ ያየችው ፎቶውን በስልክ ነው።

ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ውስጥ ታዲዎስ የሚባል ደህና ሰው ማኪያቶ ጋብዟት ያውቃል። ስኒውን ሲያነሣ እጁ ተንቀጠቀጠ።

"ስታርፍም ይንቀጠቀጣል ወይስ ዕቃ ስትይዝ ብቻ?"

ታዲዎስ ስኒውን መልሶ አስቀመጠ። "አንቺን ፈርቼ ነው" አለ። ሁለተኛ አልደወለም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከራሕዋ ዙሪያ ሰው ሳሳ። ደረጃ ላይ ሲያገኟት ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ የሚለጥፉ በረከቱ። ቅዳሜ ከሰዓት ልብሷን አጥባ ታሰጣለች፣ ቤቱን ትወለውላለች፣ ከዚያ ድምፅ እንዲኖር ብቻ ቴሌቪዥን ትከፍታለች። ክፋት የለባትም። የልጅ ስም ከእናት አፍ ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ የምታይ ሰው፣ የምትወደውን ሁሉ እንዳይጠፋባት እየዳሰሰች ማረጋገጥ ያምራታል። ይኼን ግን የጠየቃት የለም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም።

ያልተዘጋባት በር አንድ ብቻ ነበር፣ ፊት ለፊቷ ያለው የእትዬ ዘውዲ በር። እትዬ ዘውዲ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ለልማት ሲፈርስ ወደ ሰንጋ ተራ የመጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ጦቢያ የምትባል አንድ ልጃቸው የምትኖረው ሐዋሳ ነው። እሑድ እሑድ ራሕዋን ምሳ ይጠሯታል፣ ፈተናዋንም እንደ ኳስ ጨዋታ ይጠብቁታል።

"ሎሚ፣ መቀስ፣ ጋቢ! ምነው፣ መሥሪያ ቤታችሁ ለአዲስ ቃል በጀት የለውም?" ይሏታል። ሰፈራቸውን ስትጠይቃቸው ሁልጊዜ "ካዛንቺስ" ነው መልሳቸው። "የፈረሰው ቤቱ ነው፤ እኔ አልፈረስኩም።"

ባለፈው ኅዳር ታዲያ ራሕዋ ከሥራ ወጥታ ወደ ታክሲ ስትሄድ፣ ያ የድሮ ሰፈር በቆርቆሮ የታጠረበት ጋ እትዬ ዘውዲን ቆመው አየቻቸው። በአንድ እጃቸው ዳቦ፣ በሌላው ቁልፍ ይዘዋል።

"እትዬ ዘውዲ! ምነው እዚህ?"

"በሩን ወዴት ነው ያዞሩት?" አሉ ተቆጥተው።

ከዚያ ቆርቆሮውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ቁልፉን ቀስ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። "ማለቴ... የድሮ ቦታዬን ልየው ብዬ ነው።"

"ገባኝ" አለች ራሕዋ። ክንዳቸውን ይዛ ታክሲ ውስጥ አስገባቻቸው። እስኪደርሱ ድረስ ስለ መንገዱ መዘጋጋት ብቻ አወሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ራሕዋ አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላ ባለውም። ወጡን አመሰገነች፣ ሙሐሲንን አማች፣ ጥያቄው ጉሮሮዋ ሲደርስ ውኃ ጠጣችበት። አገሩን ሁሉ ሳትራራ የፈተነች ሴት፣ እውነተኛው ሲመጣ አፏ ተያዘ። ይኼም በር ከተዘጋባት የምታንኳኳው ሌላ አልነበራትም።

እትዬ ዘውዲ ታገሡ፣ ታገሡና አንድ እሑድ ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

"አሞሻል እንዴ አንቺ?"

"ምነው?"

"መጠየቅ ተውሽ።"

"ሰለቸኝ እኮ።"

"አንቺ? የሙሐሲንን ድመት እንኳ ሳይቀር የመረመርሽው?" ትክ ብለው አዩዋት። "ሰውን ስትጠይቂ ኖረሽ እኔ ላይ ዝም ያልሽው አንድ ነገር ብታዪ ነው። እስከዛሬ የሰማሁት ክፉ መርዶ ይኼ ዝምታሽ ነው። በይ፣ ጠይቂኝ።"

ራሕዋ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ሦስት አዲስ ቃል ሰጠቻቸው። "ፋኖስ፣ ድልድይ፣ ሚጥሚጣ።" ስለ ጦቢያ ትንሽ አወሩ። ከዚያ ጠየቀቻቸው።

"ፋኖስ" አሉ እትዬ ዘውዲ ወዲያው። "ሚጥሚጣ።" ሦስተኛው ቀረባቸው። ውጭ ልጆች ኳስ ሲጠልዙ ይሰማል። ራሕዋ አልቻለችም፤ "ድል..." ብላ ጀመረች።

"ዝም በይ! ለሌሎቹ ትነግሪያቸዋለሽ?"

"አልነግራቸውም።"

"እንግዲያው እኔንም አትናቂኝ።"

ጠበቁ፣ ሁለቱም። "ሰው የሚሻገርበት ነገር ነው" አሉ በመጨረሻ። ስሙ ግን አልመጣም።

"ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን" አለች ራሕዋ። "አብሬዎት እሄዳለሁ።"

"ትሄጃለሽ እንጂ። ሳይጠሩሽ መግባት መች ጠፋሽ!" አሉና ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባቸው፤ ራሕዋ ወንበሯን ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሐኪሙ መርምሮ የመርሳት በሽታ ጅማሬ ነው አለ፤ መድኃኒቱ ጥቂት ይረዳል እንጂ አይመልሰውም። ጦቢያ ከሐዋሳ መጥታ ልትወስዳቸው ለመነች፣ አለቀሰች። "የማላውቀው አገር ሄጄ ከምጠፋ" አሏት እናቷ፣ "በማውቀው ልጥፋ።" ስለዚህ ራሕዋ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣና ማታ ስትመለስ ያንን በር ታንኳኳለች። ሙሐሲንም እትዬ ዘውዲ ብቻቸውን ወደ ካዛንቺስ ታክሲ ሲያመሩ ካየ ሱቁን ለጎረቤት ትቶ ይከተላቸዋል።

የቤተ ሙከራው ጥናት ውስጥ ልግባ ያሉት ራሳቸው ናቸው። "ከታመምኩ አይቀር ለአንድ ነገር ልጥቀም።" ሠራተኛ የሚያውቀውን ሰው መፈተን ስለማይፈቀድለት፣ እትዬ ዘውዲን የፈተናቸው ራሕዋ ራሷ ያሠለጠነችው ባልደረባዋ ጉተማ ነው። እሷ ነጭ ጋውኗን አውልቃ ኮሪደሩ ላይ ከአስታማሚዎች ጋር ተቀመጠች። ዓመታት ሙሉ በአጠገባቸው ያለፈችባቸው ወንበሮች እንዲህ እንደሚቆረቁሩ አታውቅም ነበር።

ጉተማ ጨርሶ ብቅ አለና ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ አለ።

"'አብራዎት የመጣችው ማን ናት?' ብላቸው 'ልጄ ናት' አሉኝ። ልጃቸው ሐዋሳ አይደለችም እንዴ? ማለቴ... ስህተት ብዬ ልያዘው?"

እትዬ ዘውዲ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። "ምን ታንሾካሹካላችሁ? እኔ ርቦኛል!"

"ስህተት አይደለም" አለችው ራሕዋ፤ ድምፅዋ እንደ አለቃ አልወጣላትም። ተነሥታ ቦርሳቸውን ተቀበለቻቸውና እየተደጋገፉ ደረጃውን ወረዱ።